ሁለት መስመርና አንድ ቀስት

በክፍል ውስጥ «ኢኩዌሽን» እያልን የምንጠራው፣ በአማርኛው «እኩልዮሽ» የተባለው ነገር፣ አንድ ስም ይዞ ለሁለት ጌታ የሚያድር ነው። የሒሳብ መምህር ገብቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል። ደወል ይደወልና የኬሚስትሪው መምህር ይገባል፤ የፊተኛውን ጠርጎ የራሱን ይጽፋል። በግራ የሚጻፍ አለ፤ በቀኝ የሚጻፍ አለ፤ በመካከል ምልክት አለ፤ ሁለቱም «መመጣጠን አለበት» ይባላል። ተማሪውም በአንድ ደብተር፣ በአንድ ዐይን፣ አንዳንዴም በአንድ እንቅልፍ ይቀበላቸዋል።

ታዲያ ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ? ብለን ብንጠይቅ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ያጠያይቃል? አንዱ የቁጥር ነው፣ አንዱ የንጥረ ነገር፤ በቃ!» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ልዩነቱ ከዚህ የጠለቀ ነው እንላለን። እንዲያውም ነገሩ ከክፍል ወጥቶ ወደ ሰው ኑሮ ሲገባ፣ ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይም ያምታታ ኅብረተሰብ ትልቅ በደል ሊሠራ ይችላል ባዮች ነን። ማስረጃችንን ከሩቅ አናመጣም። ከጎንደር ከተማ፣ ከፋሲል ግንብ ግድግዳ እንነሣለን፤ ወደ ስሜን ደጋም እንወጣለን። አስቀድመን ግን ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ እንያቸው።

1. ሁለቱ መስመሮች

የእኩልነት ምልክት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1557 ነው። ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ «እኩል ነው» እያለ ደጋግሞ መጻፉ ቢሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመሮች አሰመረ። ምክንያቱንም ሲሰጥ ከሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ እኩል የሆነ ነገር ሊገኝ አይችልም አለ። የሒሳብ እኩልዮሽ ጠባይ በሙሉ በዚህች ምልክት ውስጥ ተጠቃልሏል።

7 + 5 = 12 ስንል ሰባትና አምስት ተነሥተው፣ መንገድ ሄደው፣ ደክመው አሥራ ሁለት ሆኑ ማለታችን አይደለም። ቀድሞውንም አሥራ ሁለት ነበሩ። አንዱን ነገር በሁለት ስም ጠራነው እንጂ አንዳች የተደረገ ነገር የለም። ስለዚህ ገልብጠን 12 = 7 + 5 ብንል ቅር የሚለው አይኖርም። «ሀ + 5 = 12» ብለን የማናውቀውን ብንፈልግም ያው ነው። ሀ ሰባት የሆነው እኛ ስላገኘነው አይደለም፤ ሳንወለድም ሰባት ነበር። የዘገየነው እኛ ነን።

የሒሳብ እኩልዮሽ እንግዲህ ጊዜ አያውቅም። እሳት አይፈልግም፤ ቦታ አይመርጥም። ፒያሳ ላይም ሆነ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ፣ በክረምትም ሆነ በበጋ አይለወጥም። አንድ ሌላ ሕግም አለው፤ ወደኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በአእምሮው ያኑረው። በግራም በቀኝም ተመሳሳይ ነገር ካለ ሰርዘው ይላል። «ሀ + ለ = ሐ + ለ» ከሆነ ለ ይሰረዛል፤ ሀ ከሐ ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። የተሰረዘው ለ አያለቅስም፤ ምንም አልጎደለበትምና።

2. ቀስቱ

አሁን ወደ ኬሚስትሪው እንምጣ። ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎችና አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ተዋሕደው ሁለት የውሃ ሞለኪውሎች ይሆናሉ።

2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክሲጅን → 2 ውሃ

ቁጥሮቹን ብቻ የሚያይ ሒሳበኛ «እንዴ! ሁለትና አንድ ተደምሮ ሁለት የሚሆነው በየትኛው አገር ነው?» ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም። ሦስት ገብተው ሁለት ወጡ። የሚመጣጠነው የሞለኪውሎቹ ቁጥር አይደለም፤ በውስጣቸው ያሉት አቶሞች ናቸው። በግራ አራት የሃይድሮጅን አቶምና ሁለት የኦክሲጅን አቶም ነበሩ፤ በቀኝም እነዚያው አሉ። በሚዛን ብናስቀምጠው 4 ግራም ሃይድሮጅንና 32 ግራም ኦክሲጅን 36 ግራም ውሃ ይሰጣሉ። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያጸናው ሕግ ይኸው ነው፤ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ክብደት አይፈጠርም፣ ክብደትም አይጠፋም።

ታዲያ ግራና ቀኙ አንድ ነው ማለት ነው? ኧረ በፍጹም! ሃይድሮጅን የሚነድ ጋዝ ነው። ኦክሲጅን እሳትን የሚያቀጣጥል ነው። ከሁለቱ የተገኘው ውሃ ግን እሳት ያጠፋል። በአንድ በኩል የሚነድና የሚያነድ፣ በሌላ በኩል የሚያጠፋ ቆሞ «እኩል ነው» ቢባል ከስም ያለፈ ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህም ነው ኬሚስቶች በመካከሉ ቀስት የሚያስገቡት። ሁለቱ መስመሮች «ነው» ይላሉ፤ ቀስቱ «ይሆናል» ይላል። በ«ነው» እና በ«ይሆናል» መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የዓለም ታሪክ በሙሉ ያለበት ርቀት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የሒሳብ እኩልዮሽ ከተመጣጠነ እውነት ነው፤ ምስክር አያሻውም። የኬሚስትሪው ግን በወረቀት ላይ በሚገባ ተመጣጥኖ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ዚንክ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። በዚንክ ፈንታ መዳብ ብለን ብንጽፍ እኩልዮሹ ያው እንደተመጣጠነ ነው፤ አቶሞቹ አንድም አይጎድሉም። መዳቡን ወስደን በዚያው አሲድ ውስጥ ብንከተው ግን ዝም ይላል። ወረቀት ሁሉን ይሸከማል፤ ብርጭቆው ግን አይዋሽም። የሒሳብ እኩልዮሽ በማረጋገጫ ይቆማል፤ የኬሚስትሪው በምስክር ይቆማል። አንድ ነገር ስለተመጣጠነ ብቻ ይደረጋል፣ ይሆናል ብሎ ማመን የመዳቡን ስሕተት መድገም ነው።

3. ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ

አሁን ወደ ጎንደር። ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607-1632) በነገሡበት ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በጣና ዙሪያ ሕንፃ ሲያንጹ፣ በኖራ የመገንባት ሙያ በአካባቢው ተስፋፋ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አላስወጡም። የሃይማኖቱ ክርክር በነገሥታትና በሊቃውንት መካከል ብዙ ደም አፍስሶ ነበር፤ የኖራ እኩልዮሽ ግን ለየትኛውም ወገን አያዳላም። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ዋና ከተማ በሆነችው ጎንደር፣ ግንቡ በዚያው ኖራ ተያይዞ ቆመ።

ኖራ እንዴት ይሠራል? ሦስት እርምጃ አለው።

አንደኛ፣ የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል። ካልሲየም ካርቦኔት → ካልሲየም ኦክሳይድ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከመቶ ግራም ንጹሕ ድንጋይ 56 ግራም ያልበረደ ኖራ ይቀራል፤ 44 ግራሙ ጋዝ ሆኖ ከጢሱ ጋር ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ በኖራው ላይ ውሃ ይፈስበታል። ካልሲየም ኦክሳይድ + ውሃ → ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። 56 ግራሙ 18 ግራም ውሃ ጠጥቶ 74 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ያለ እሳት ይፈላል፤ ይንጨረጨራል፤ እጅ የከተተ ወየውለት!

ሦስተኛ፣ የበረደው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይገባል፤ ከዚያም አየር እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ → ካልሲየም ካርቦኔት + ውሃ። 74ቱ ያንኑ 44 ግራም ጋዝ ከአየር መልሶ ይወስዳል፤ 18 ግራሙን ውሃ ይለቃል፤ እንደገና መቶ ግራም ድንጋይ ይሆናል። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም። በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ማን ያውቃል፣ ግድግዳው ከሳበው ጋዝ ጥቂቱ የግንበኞቹ የራሳቸው ትንፋሽ ሊሆን ይችላል።

አሁን የሒሳብ ሰው ሆነን ሦስቱን እኩልዮሾች እንደምራቸው። በግራ በኩል ድንጋይ፣ ያልበረደ ኖራ፣ ውሃ፣ የበረደ ኖራና ጋዝ አሉ። በቀኝ በኩል ያልበረደ ኖራ፣ ጋዝ፣ የበረደ ኖራ፣ ድንጋይና ውሃ አሉ። ተመሳሳዩን ሰርዝ ተብለናልና እንሰርዝ። ድንጋይ ከድንጋይ፣ ኖራ ከኖራ፣ ውሃ ከውሃ፣ ጋዝ ከጋዝ ተሰረዘ። የቀረው ምንድን ነው? ዜሮ እኩል ይሆናል ዜሮ!

በድንጋይ ተጀመረ፤ በድንጋይ ተፈጸመ። በአልጀብራ ሕግ ምንም አልተደረገም። ነገር ግን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የፋሲልን ግንብ ያያል። ያ ሁሉ ምንም ካልሆነ እዚያ የቆመው ምንድን ነው?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እኩልዮሹ አልዋሸም፤ ዝም አለ እንጂ። አቶሞቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረክቧል። ያልቆጠረው ግን ብዙ ነው። ድንጋዩን ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደረሰውን እንጨት አልቆጠረም። እንጨቱን የቆረጠውን፣ የተሸከመውን፣ ምድጃውን ሌሊት የጠበቀውን፣ ዐይኑ በኖራ ብናኝ የተቃጠለውን አልቆጠረም። ጊዜውን አልቆጠረም። መልኩንም አልቆጠረም፤ በተራራ ሆድ ውስጥ ቅርጽ የሌለው የነበረው ድንጋይ አሁን ጥቁሩን ድንጋይ ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር አጋብቶ ይዟል። ስሙ በሁለቱም ቦታ «ካልሲየም ካርቦኔት» ነው። በስም አንድ፣ በግብር ሌላ።

ዝምታውን የናቀ ሰው ምን እንደሚደርስበትም ግንቡ ራሱ አሳይቷል። በጣልያን ወረራ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936-1941) እና ከዚያም በኋላ ግንቦቹ ሲጠገኑ ሲሚንቶና የብረት ቤቶን ገባባቸው። ሲሚንቶ ጠንካራ ነውና «ማያያዣ ማያያዣ ነው፣ ያውም የሚበልጠው» የተባለ ይመስላል። ግን ኖራ እርጥበት ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። የጎንደር ክረምት ደግሞ የዋዛ አይደለም። በኋላ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። በኬሚስትሪ አንዱን በሌላው ለመተካት «እኩል ናቸው» ማለት አይበቃም፤ የት፣ በምን ዓይነት ሁኔታ፣ ከማን ጋር የሚለው ይጠየቃል።

ከቤታችንም ምሳሌ አለ፤ ጠላ። ስኳሩ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለወጥ እኩልዮሹ ይናገራል። ግን የእህሉን ስታርች መጀመሪያ ወደ ስኳር የለወጠው ማነው? በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ነው፤ ካታሊስት የምንለው። ካታሊስት ሥራውን ሲጀምርም ሲጨርስም ያው ራሱ ስለሆነ፣ በግራ ብንጽፈው በቀኝም መጻፍ ይኖርብናል። በሁለቱም በኩል ካለ ደግሞ የሒሳቡ ሕግ ሰርዘው ይላል። እንዲህ ሆኖ ሥራውን የሠራው ከጽሑፉ ይወጣል። ብቅል ሳታበቅል እኩልዮሹን ብቻ ይዛ ጠላ የምትጠምቅ ባልትና ግን እስካሁን አልተወለደችም።

4. ድርብ ቀስት በስሜን

«እሺ፣ ቀስቱ ወደፊት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ልዩነቱ ገባን፤ ግን ወደኋላም የሚመለስ ለውጥ አለ አይደል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው። ሆላንዳዊው ቫን ት ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1884 በጻፈው መጽሐፍ በእኩልነት ምልክት ፈንታ ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች መጠቀም የጀመረው ለዚሁ ነበር። ድርብ ቀስት ሁለቱን መስመሮች በሩቁ ይመስላል፤ መስመሮቹ ግን ቆመዋል፣ ቀስቶቹ ይሮጣሉ። በኬሚስትሪ ሚዛን የሚባለው ዕረፍት አይደለም፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ፍጥነታቸው እኩል ሆነ ማለት ብቻ ነው። የሁለቱ ወገን መጠን እኩል መሆኑን እንኳ አያመለክትም። ሙቀት ሲጨመር ወይም ግፊት ሲቀነስ ሚዛኑ ቦታውን ይለቃል።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው ይህን በድስቱ ይረዳዋል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ ጎንደር ላይ በ93 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ91 ገደማ ይፈላል። ባቄላው ያው ባቄላ፣ ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የሚበስልበት ሰዓት ግን ይለያል። 7 + 5 ደባርቅ ሲወጣ 11 አይሆንም፤ የኬሚስትሪ ነገር ግን ሲወጣ ሲወርድ ይለወጣል።

በሰው ደምም ውስጥ ድርብ ቀስት አለ። ሄሞግሎቢን በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን ይይዛል፤ በሰውነት ውስጥ ይለቃል። ወደ ከፍታ ሲወጣ የኦክሲጅኑ ግፊት ስለሚያንስ ቀስቱ ወደ መልቀቁ ያደላል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች የሄሞግሎቢናቸው መጠን ከፍ ብሎ ይህን ይቋቋማሉ። የቲቤት ደገኞች በሌላ መንገድ ይኖራሉ፤ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን አነስ ብሎ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ያን ያህል ሳይጨምር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በስሜን፣ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ሦስተኛ መንገድ አገኘ። የባሕር ወለሉ የኦክሲጅን ግፊት በአንድ ሦስተኛ ገደማ በሚያንስበት በዚያ ቦታ፣ የሰዎቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክሲጅኑ ሙሌት ደግሞ 95.3 በመቶ ነበር። ይህም በቆላና በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም።

ይህን ያመጣነው ለጉራ አይደለም። ሦስት ሕዝብ አንዱን ጥያቄ በሦስት መንገድ ሲመልስ ያሳየናል። እኩልዮሹ ለሁሉም አንድ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ሁኔታውና እንደ ታሪኩ ይለያያል። ሒሳብ በሚናገርበት ቋንቋ ብቻ ብንሰማው፣ «አየሩ በአንድ ሦስተኛ ካነሰ ደሙም በአንድ ሦስተኛ መክሳት አለበት» ብለን የስሜንን ገበሬ በወረቀት ላይ እናሳምመው ነበር።

5. ሰውን ስናመጣጥን

እስካሁን ያልነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር የሚያደርስ ነው። በሰው ነገር ሁለቱም ምልክቶች ያስፈልጉናል። ጥፋት የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ስናስቀምጥ ነው።

የሰው እኩልነት በሁለቱ መስመሮች የሚጻፍ ነው። ሰው = ሰው። ጊዜ የለውም፤ እሳት አያሻውም፤ በሙያ፣ በዘር፣ በሀብት አይሰላም። «ሲማር እኩል ይሆናል»፣ «ሲሠለጥን እኩል ይሆናል»፣ «መሬት ሲይዝ እኩል ይሆናል» የሚል ሁሉ በሁለቱ መስመሮች ቦታ ቀስት አስገብቷል። እኩልነትን ምርት አድርጎታል፤ እሳቱን በእጁ ይዞ «ገና አልበሰልክም» እያለ የሚያስጠብቅ ባለ ምድጃ ሆኗል።

የጎንደር ታሪክ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከግንቦቹ ሠሪዎች መካከል ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ነበሩበት፤ አንዳንዶቹም ለሙያቸው ማዕረግና መሬት አግኝተዋል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የወለቃ ሰው፣ እሳትን ይዞ አንዱን ነገር ሌላ ነገር የማድረግ ጥበብ ነበረው። ጭቃው እሳት ገብቶ ሸክላ ይሆናል፤ ሸክላ ተሰብሮ ደግሞ ጭቃ አይሆንም። ይህ ቀስት ነው፤ ያውም አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው። ማረሻውን ከእነርሱ የገዛ፣ ወጡን በእነርሱ ድስት የሠራ ሕዝብ ግን ምን አላቸው? «ቡዳ» አላቸው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አላቸው። እስቲ ይታሰብ! ነገርን መለወጥ የቻለው ሰው ራሱን ይለውጣል ተብሎ ተፈራ። ቀስቱ የሚገባው በጭቃውና በሸክላው መካከል ነበር፤ እኛ ግን በሰውየውና በጅቡ መካከል አደረግነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገቡት ደግሞ በሠሪውና በገዢው መካከል ነበር፤ እነርሱን ሰረዝናቸው። ካታሊስቱ ከጽሑፉ እንደሚወጣ፣ ድስቱ በቤታችን ቀርቶ ሠሪዋ ከማዕዳችን ወጣች። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ ኖረ። ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በወለቃ ሸክላው ቀርቷል። ይህን ቂም ለመቀስቀስ አናነሣውም፤ ማን እንደተሰረዘ ሳያውቁ «ሒሳቡ ተዘግቷል» ማለት ስለማይቻል ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቀስት በሚገባበት ሁለት መስመር ማስገባት። የሰው ድርጊት «ይሆናል» የሚባልበት እንጂ «ነው» የሚባልበት አይደለም። የሆነው ነገር አይሰረዝም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይሉ የለ ወላጆቻችን? ደም መላሽ ግን ይህን አይሰማም። የእርሱ ነገር ንጹሕ አልጀብራ ነው። ከእኛ አንድ ሞተ፤ ከእነርሱ አንድ ይሙት፤ አንድ ከአንድ ሲቀነስ ዜሮ፤ ተጣፋን። ስንቱ ጎበዝ ነው በዚህ ስሌት ማሳውን ጥሎ ጫካ የገባው! የስሌቱን መልስ የሚያውቁት ግን ሁለቱ እናቶች ናቸው። አንድ ከአንድ ተቀንሶ የተገኘው ዜሮ አይደለም፤ ሁለት መቃብር ነው። ሁለት ባዶ መደብ ነው፤ አባቱን የማያውቅ ልጅ በዚህም በዚያም ነው።

የአገራችን ሽማግሌዎች ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ያወቁ ይመስለናል። ደም ሲያደርቁ «ሒሳቡ እኩል ነው» አይሉም። የሞተው እንዳልሞተ አይቆጥሩትም፤ ካሳው የሰው ዋጋ ነው ብለውም አያስቡም። የሚሠሩት ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን ወገን ያስቀምጣሉ፤ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ይመላለሳሉ፤ ያስምላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በጋብቻ ያስተሳስራሉ። ወደነበረው አይመልሷቸውም፤ ያልነበረ አዲስ ነገር ያደርጓቸዋል። እንደ ኖራው ነው፤ የተቃጠለው ድንጋይ ወደ ተራራው አይመለስም፤ ግድግዳ ይሆናል እንጂ።

ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ላይ ሲመጡስ? እርሱንም አይተናል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ወርውረው ሰበሩ። ለነጭ ሽብር መልሱ ቀይ ሽብር ነው ተባለ፤ በግራ ነጭ፣ በቀኝ ቀይ፤ የተመጣጠነ እኩልዮሽ መሆኑ ነው! ጎንደር በዚያ ዘመን ክፉኛ ከተመቱት ከተሞች አንዷ ነበረች። ያ ስሌት በአንድ በኩል ሰውን «ተራማጅ» እና «አድኃሪ» ብሎ ከፍሎ እኩልነቱን ሁኔታ ላይ አንጠለጠለው፤ በሌላ በኩል ሞትን በሞት ሰርዞ ዜሮ አገኘሁ አለ። «ይህን ያህል ደም → አዲስ ኅብረተሰብ» የሚለው ቀስትም እንደ መዳቡ ሆነ። በወረቀት ላይ ተመጣጠነ፤ በብርጭቆው ውስጥ ግን የተባለው ነገር አልወጣም። ደሙ ብቻ ፈሰሰ።

«ታዲያ ሳይንሱን ትታችሁ ስብከት ገባችሁ» እንዳንባል አንድ ቃል እንጨምር። ሒሳብን አልነቀፍንም። በኬሚስትሪው እኩልዮሽ ሆድ ውስጥ የሒሳቡ እኩልዮሽ አለ፤ አቶሙ ካልተቆጠረ ቀስቱም አይጻፍም። ያለ ሒሳብ የሚመጣ ቀስት ጥንቆላ ነው፤ ከምንም ወርቅ አወጣለሁ ማለት ነው። ያልነው ቆጥሮ ማቆም አይበቃም ነው። አንድ ሰው «ተመጣጥኗል» ብሎ ወረቀት ሲያመጣልን፣ የልማት ዕቅድም ይሁን የፍርድ ውሳኔ፣ የእርቅ ሐሳብም ይሁን የጦርነት ምክንያት፣ ጥያቄው ሦስት ነው። በመካከል ያለው ምልክት ሁለት መስመር ነው ወይስ ቀስት? ቀስት ከሆነ እሳቱን ማን ያነዳል፣ እንጨቱን ማን ይሸከማል? ስትደምር የሰረዝከው ማንን ነው?

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የተሰረዘው በወረቀቱ ላይ የለምና። እርሱን ለማግኘት ከወረቀቱ ቀና ብሎ ግድግዳውን መመልከት፣ ጥቁሩን ድንጋይ ትቶ በመካከሉ ያለችውን ነጣ ያለች መስመር ማየት ያስፈልጋል። በአልጀብራው ዜሮ የተባለችው እርሷ ነች። ግንቡን ይዛ የቆመችውም እርሷ ነች።